ከሳቢያን እስከ መጋላ፣ 3.4 ኪሎ ሜትር በአየር

ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን 2017

የኔንና የእማዬን ቤት በሬዲዮ ሞገድ የማገናኘቱን ነገር ዛሬ በወረቀት ጀመርኩ። እኔ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። የእማዬ ቤት ከመጋላ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። በመካከላችን ከዚራ ሰፈር አለ፣ የደቻቱ ወንዝም አለ። በስልኬ ካርታ ከጣራ እስከ ጣራ ሳሰምር 3.4 ኪሎ ሜትር መጣ። በባጃጅ ሲኬድ ከዚያ ይረዝማል። ሞገድ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።

እኔ ቤት የመስመር ኢንተርኔት አለ። እማዬ ቤት የለም። እሷ በሞባይል ዳታ ነው የምትኖረው፣ እሱም ማታ ሰው ሲበዛበት ይንቀራፈፋል። ዋናው ምክንያቴ ግን ኢንተርኔት አይደለም። ደቻቱ ነው።

በ1998 ክረምት፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ደቻቱ ሞልቶ ከተማው ውስጥ ገባ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኔ ያን ሌሊት ከወንዙ ወዲህ ነበርኩ፣ እማዬ ወዲያ። የቤት ስልኩ ጸጥ አለ። እስኪነጋ ድረስ መኖሯን አላወቅኩም። ዛሬ የወንዙ ዳር ግንብ አለው፣ ቤቷም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ቢሆንም ከደጋው በኩል ሰማዩ ሲጠቁር እጄ ወደ ስልክ ይሄዳል። ጎርፉ ድሬዳዋ ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ሊመጣ ስለሚችል እዚህ ያለውን ሰማይ አይቶ መተኛት አይቻልም።

ስለዚህ የምፈልገው ሁለቱን ቤት ብቻ በቀጥታ የሚያገናኝ መስመር ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋም፣ ሞባይል ቢጨናነቅም፣ እሷ አንድ ቁልፍ ስትጫን እኔ ቤት መጥራት አለበት። ለዚህ ሁለት አሮጌ የቢሮ የኔትወርክ ስልኮች አግኝቻለሁ። አንዱ ሌላውን በአድራሻ ቁጥሩ በቀጥታ ይጠራል፣ መሀል ላይ ማንም አያስፈልገውም። የኢንተርኔቱ ነገር ትርፍ ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልጻፍ። በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዕቃ ስትገዙ የአይነት ማረጋገጫ ያለው መሆኑን ጠይቁ። ኃይሉንም ዝቅ አድርጋችሁ ሥሩ። ጎረቤትም ሞገድ ይፈልጋል። እኔ ይህን መስመር ለማንም አልሸጥም፣ ለእናቴ ብቻ ነው።

እሑድ፣ ጥር 18

ዛሬ የመስታወት ቀን ነበር።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት አንዱ ጣራ ከሌላው መታየቱ ነው። በ3.4 ኪሎ ሜትር ላይ አንድን ጣራ ከሺህ ጣራ ለይቶ ማወቅ ከባድ ነው። ሁሉም ቆርቆሮ፣ ሁሉም ያብረቀርቃል። የእህቴን ልጅ በስልክ ኮምፓስ እንዲያይ እማዬ ጣራ ላይ አወጣሁት። ቆርቆሮው ላይ ሲቆም የኮምፓሱ መርፌ ተንቀዠቀዠ። አንድ እርምጃ ሲሄድ ሰሜን ሌላ ቦታ ይሆናል። ብረት ላይ ቆመህ ኮምፓስ አትመን።

ስለዚህ የመላጫ መስታወቴን ይዤ ሰገነት ላይ ወጣሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይ በምሥራቅ ናት፣ እማዬም በምሥራቅ። ግራ እጄን ዘርግቼ በሁለት ጣቴ መካከል መጋላን አየሁ። ከመስታወቱ የሚወጣውን ነጸብራቅ ጣቶቼ ላይ አሳረፍኩና ቀስ ብዬ ወዲያና ወዲህ ወዘወዝኩት። ጣቶቼ ላይ ካረፈ በመካከላቸው አልፎ የሚሄደው እዚያው ዒላማዬ ላይ ይወድቃል።

ስልኩ ውስጥ ጩኸት ሰማሁ። “አየሁት አጎቴ! አቦ እንደ ኮከብ ነው! ይበራል ይጠፋል!”

ማታ 11 ሰዓት ላይ ተቀያየርን። አሁን ፀሐይ በምዕራብ ናት፣ ስለዚህ መስታወቱ የእሱ ተራ ነው። ጠዋት ከምሥራቅ በኩል ያለው ሰው ፀሐይን ከጀርባው ስለሚያገኝ ቢሞክርም አይሆንለትም። እኔም ብልጭታውን አየሁት። ከአንድ መስጊድ ሚናራ ትንሽ ወደ ግራ፣ ከአንድ ረጅም ፎቅ በላይ። ግድግዳዬ ላይ በእርሳስ ሣልኩት።

እንተያያለን፣ ሥራው አለቀ ብዬ ተደሰትኩ። “ይበራል ይጠፋል” ያለውን ቃል ግን አላሰብኩበትም። እጄ እየተንቀጠቀጠ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ከበርጫ በኋላ ሱቆች ሲከፈቱ አሸዋ ወደሚባለው ገበያ ወረድኩ። ሁለት ትንንሽ የሳህን አንቴናዎች ገዛሁ፣ ሬዲዮው ሳህኑ ጀርባ ላይ ያለ፣ በ5.8 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ፣ 23 ዴሲቤል (የሞገድ ጉልበት የሚለካበት) ትርፍ ያለው። ከነኃይል ማቀበያቸው ነው። ኤሌክትሪኩ በዚያው በኔትወርክ ገመዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጣራ ላይ ሶኬት አያስፈልግም።

ገመዱ ላይ ጊዜ ወሰድኩ። የመጀመሪያው ሱቅ የሰጠኝን ጫፉን ልጬ በምላጭ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ከመዳቡ ሥር ነጭ አልሙኒየም ወጣ። እንዲህ ዓይነቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል። ሻጩን አመስግኜ ወጣሁ። ሦስተኛው ሱቅ ሙሉ መዳብ፣ ሽፋኑ ጥቁርና ወፍራም፣ ለውጭ የሚሆን አገኘሁ። በድሬ ፀሐይ የቤት ውስጥ ገመድ በአንድ ዓመት ይሰነጣጠቃል።

ማታ ሒሳቡን ሠራሁ። በ5.8 ጊጋኸርትዝ፣ በ3.4 ኪሎ ሜትር፣ ባዶው አየር ብቻውን 118 ዴሲቤል ይበላል። እኔ በ13 እልካለሁ፣ የኔ ሳህን 23 ትጨምራለች፣ የእማዬ ሳህን 23። ድምሩ 59። ከዚህ 118 ሲቀነስ ማይነስ 59 ይደርሳል። ከማይነሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሲያንስ ሲግናሉ ይበረታል፣ ለሙሉ ፍጥነት ማይነስ 75 አካባቢ ይበቃል። በቂ ትርፍ አለን ማለት ነው። ማይነስ 59ን በወረቀት ላይ አክብቤ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

እሑድ፣ የካቲት 2

ተከልን። በኔ በኩል ሰገነቱ ላይ አጭር ቱቦ፣ በእማዬ በኩል ከግድግዳዋ ጋር የታሰረ፣ ከመሬት 4 ሜትር ተኩል የሚሆን ቱቦ። የኔን አክሰስ ፖይንት (አገናኝ)፣ የእሷን ስቴሽን (ከእሱ ጋር የሚገናኝ) አደረግኳቸው። የርቀት ማስተካከያውን 4 ኪሎ ሜትር ላይ አደረግኩት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ተራ ዋይፋይ መልስ የሚጠብቀው በአንድ ቤት ውስጥ እንዳለ ሰው ነው። ሞገዱ 3.4 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ብቻ 11 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። ሬዲዮው ያን ካላወቀ መልሱ በመንገድ ላይ እያለ ጠፋ ብሎ ደግሞ ይልካል።

ተገናኙ። ግን ማይነስ 81።

እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ሳህኖቹን አዞርን። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ። ማይነስ 81፣ ማይነስ 83፣ ማይነስ 80፣ ማይነስ 86። ነፋስ ሲነፍስ ቁጥሩ ይዘላል። ግንኙነቱ በየደቂቃው ይቆረጣል። ከጠበቅኩት 22 ዴሲቤል ጎድሏል። 22 ዴሲቤል ማለት መድረስ ከነበረበት ኃይል ወደ 160 አንድ እጁ ብቻ ደረሰ ማለት ነው።

እማዬ ከታች ሆና “ልጄ፣ ውረድ በቃ፣ ነገም ቀን ነው” አለችው የእህቴን ልጅ። እኔም በስልክ ሰማኋት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የኔን ቱቦ በ2 ሜትር አስረዘምኩት። ከፍ ካለ ይሻላል የሚል ሐሳብ ነው፣ ሁሉም ሰው የሚለው። ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ውጤቱ ማይነስ 81። አንዲት ዴሲቤል አልተለወጠችም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ሌሊት ላይ ነቅቼ ገባኝ።

ሞገድ እንደ ክር ቀጭን አይደለም። ጥጥ እንደተፈተለበት እንዝርት ነው። ሁለቱ ጫፍ የሾለ፣ መሀሉ የወፈረ። በኛ መስመር መሀል ላይ ውፍረቱ ከመስመሩ ወደ ታችም ወደ ላይም 6.6 ሜትር ነው። ከዚህ ቢያንስ ስድስት አሥረኛው፣ ወደ 4 ሜትር፣ ነጻ መሆን አለበት። መሀሉን ከመጀመሪያው አይቼዋለሁ፣ ችግር የለበትም። መሬቱ ወደ ወንዙ ዝቅ ስለሚል መስመሩ ከዚራን በከፍታ ያልፋል። ያላየሁት ጫፉን ነው። ጫፍ ላይ እንዝርቱ ቀጭን ስለሆነ ምንም የሚነካው አልመሰለኝም።

ከእማዬ ቤት 60 ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ በጎረቤቷ በሐጂ ግቢ ውስጥ፣ የኒም ዛፍ አለ።

መስታወቱ “ይበራል ይጠፋል” የተባለው በቅጠሎቹ መካከል ነበር። ዓይን በቅጠል ቀዳዳ አሻግሮ ያያል። ለሬዲዮ ያ አይበቃውም። ቅጠሉ ውስጥ ውሃ አለ፣ ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ነፋስ ሲነፍስ ቁጥሩ የሚዘለውም ለዚህ ነው። ቅርንጫፉ ሲወዛወዝ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

የየካቲት 8 ልፋቴም ለምን ፍሬ እንዳጣ በዚያው ገባኝ። ረጅም ዱላ በሁለት ሰው ተይዞ አስቡ። እኔ የያዝኩትን ጫፍ 2 ሜትር ባነሳ፣ በሌላው ጫፍ አጠገብ ያለው ክፍል የሚነሳው ጥቂት ነው። 60 ሜትርን ለ3,400 ሜትር አካፍሎ በ2 ሜትር ማባዛት ነው። ውጤቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር። ሙሉ ቀን ለፍቼ መስመሩን ኒሙ ላይ በሁለት ጣት ውፍረት አነሳሁት። በእማዬ በኩል ቢሆን ግን 2 ሜትር ማንሳት ኒሙ ላይ 1 ሜትር ከ96 ይሆናል።

መሰናክል ወደሚቀርበው ጫፍ ሂዱ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 16

ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ኒሙ ሥር አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሻይ ቀረበ። ነገሩን አስረዳኋቸው።

“ወላሂ ልጄ፣ ዛፍ ከእናትህ አይበልጥም” አሉ። “ጫፉን ቁረጠው። ዛሬውኑ ውጣና ቁረጠው።”

ቀና ብዬ አየሁት። ከሥሩ የሐጂ አልጋ አለ፣ የውሃ እንስራ አለ፣ ሦስት ልጆች ብይ ይጫወታሉ። ከ5 ሰዓት በኋላ በዚህ ግቢ ሰው የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ የለም። ድሬ ላይ ጥላ ማለት ቤት ነው። ግንቦት ላይ ሙቀቱ ምን እንደሚመስል የምናውቅ እናውቀዋለን። ኒም ደግሞ ሌላው ዛፍ ሲጠወልግ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ነው። ጫፉን ብቆርጠው በሁለት ዓመት መልሶ ያድጋል፣ እኔም እንደገና መጋዝ ይዤ እመጣለሁ። ለአንድ ቱቦ ብረት ብዬ የሰው ጥላ አልነካም።

“ሐጂ፣ ዛፉ ይቆይ” አልኳቸው። “ቁመቱን ብቻ ልለካ።”

ከቀኑ 4 ሰዓት ነበር። የአንድ ሜትር ዱላ መሬት ላይ አቆምኩ። ጥላው 80 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ወዲያው የኒሙን ጥላ ለካሁ። ከግንዱ ሥር እስከ ጫፉ ጥላ 5 ሜትር ከ60። 5.60ን ለ0.80 ሲያካፍሉት 7 ሜትር። ልጆቹ ሒሳቡን ሲያዩ የራሳቸውን ቁመት እንድለካላቸው ተሰለፉ፣ ለካሁላቸው።

ዛፉ 7 ሜትር። የእማዬ አንቴና 4 ሜትር ተኩል ላይ። መስመሩ ከጫፉ 2 ሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ በቅጠሉ ሆድ ያልፋል። በ60 ሜትር ላይ እንዝርቱ የሚፈልገው ነጻ ቦታ ወደ 1 ሜትር ብቻ ነው። ለዛፉ እድገት ሌላ 1 ሜትር ተውኩ። 9 ሜትር መድረስ አለብን።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

በያጁ ጋ። ታች ባለ 2 ኢንች ጋልቫናይዝ ቱቦ፣ ሙሉ 6 ሜትር። ላይ ባለ አንድ ተኩል ኢንች፣ 4 ሜትር። ትንሹ በትልቁ ውስጥ 1 ሜትር ይገባና በሁለት ቦታ ብሎንና ዳዶ ያልፍበታል። ድምሩ 9 ሜትር።

በያጁ አንድ ጥሩ ሐሳብ አመጣ። ቱቦውን ሲሚንቶ ውስጥ ከምንቀብረው እግሩን እንደ በር ማጠፊያ ሠራው። ሲሚንቶው ውስጥ የሚገባው የማጠፊያው ሥር ነው። ነገ አንቴናው ቢበላሽ ቱቦው ወደ መሬት ይተኛል፣ ማንም 9 ሜትር አይወጣም። እጁ ይባረክ። ማታውኑ ሥሩን ከፌሮ ጋር ሲሚንቶ ሞላንበት።

እሑድ፣ የካቲት 23

የረመዳን ሁለተኛ ቀን ነው። እኛ ቤት ደግሞ ዐቢይ ጾም ከገባ ሳምንት ሆኖታል። በሁለቱም ግቢ የሚበላ የለም። ስለዚህ ፀሐይ ሳትበረታ ለመጨረስ 12 ሰዓት ላይ ጀመርን።

ከመነሳቱ በፊት ቱቦው ቢወድቅ የሚደርስበትን ቦታ ሁሉ በእግሬ ዞርኩ። 9 ሜትር በየአቅጣጫው። የመብራት ሽቦ ካለ ሥራው እዚያው ይቆማል። የለም። ከዚያ አንቴናውን አሰርን፣ ገመዱን በየግማሽ ሜትሩ ቱቦው ላይ አጣበቅን፣ ሦስት የውጥር ሽቦዎች 6 ሜትር ተኩል ላይ አሰርን።

የሐጂ ሁለት ወንዶች ልጆች መጡ። እየጾሙ ነው፣ ግን እምቢ አላሉም። ሁለት ሰው ገመድ ይዞ ሳበ፣ አንዱ እግሩን ያዘ፣ እኔ ከሥር በትከሻዬ ገፋሁ። ወደ 45 ኪሎ የሚሆን ብረት ነው። መሀል ላይ ሲደርስ ይከብዳል፣ ከዚያ በኋላ ራሱ ይሄዳል። እዚያ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው፣ አልፎ ወደ ሌላው ጎን እንዳይወድቅ። የወዲያኛውን ሽቦ የያዘው ልጅ ጠበቅ አድርጎ ያዘው። ቆመ።

ሽቦዎቹን በማጥበቂያቸው ተራ በተራ ወጠርኩ። አንዱን ብቻ ካጠበቅክ ቱቦው እንደ ቀስት ይጎብጣል። ከቱቦው እግር የመሬት ሽቦ አወጣሁና 1 ሜትር ተኩል ርዝመት ካለው ብረት ጋር መሬት ውስጥ ቀበርኩት። የድሬ አፈር ደረቅ ነው፣ ስለዚህ የመታጠቢያው ውሃ የሚፈስበትን ቦታ መረጥኩ።

ከቀኑ 3 ሰዓት ላይ ጨረስን። ማታ ሲያፈጥሩ ከሐጂ ቤት ሳምቡሳ መጣ። ለእማዬ ለብቻው በሳህን የምስር ሆኖ ነው የመጣው። ጾም መያዟን ያውቃሉ።

እሑድ፣ የካቲት 30

ማስተካከያ። እዚህ ላይ ቀስ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የእህቴ ልጅ ቱቦውን ለማዞር ከእማዬ በኩል፣ እኔ በሳቢያን። አንድ ሕግ አወጣን። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ አንነካም። መጀመሪያ የኔ ዝም ይላል፣ የሱ ይዞራል። በየሁለት ጣት ዙር ያቆማል፣ ሦስት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ቁጥሩን ያነብባል። “ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚሻለው፣ አትርሳ” አልኩት።

ከግራ ጀመረ። “ሰማንያ ሦስት። ሰባ ሰባት። ሰማንያ ሁለት።” እዚህ ላይ ድሮ ቢሆን ሰባ ሰባት ላይ ተመልሰን እናቆም ነበር። ሳህን ግን ዋና ሞገዷ ብቻ አይደለም ያላት። በግራና በቀኝ ትንንሽ የጎን ሞገዶችም አሏት። በአንዱ የጎን ሞገድ ላይ ከቆምክ የተሻለ የሌለ ይመስልሃል። “ቀጥል” አልኩት።

“ሰባ። ስልሳ አራት። ስልሳ ሁለት። አቦ፣ ስልሳ ሁለት! ስልሳ አምስት። ሰባ አንድ። ሰማንያ ሦስት። ሰባ ስምንት።”

ሦስት ጉብታ አገኘን። መካከለኛው ትልቁ ነው። ወደ ስልሳ ሁለት ተመለሰ። ከዚያ ዳዶውን ሲያጠብቅ ስልሳ ስድስት ሆነ። ይህም የታወቀ ነው። ዳዶ ሲጠብቅ ሳህኗን ይዞ ይዞራል። ዓይኑን ቁጥሩ ላይ አድርጎ በትንሽ በትንሹ፣ ከግራም ከቀኝም እያፈራረቀ አጠበቀ። ከዚያ የኔ ተራ ሆነ፣ እዚያው ስልሳ ሁለት ላይ ቆየ።

በወረቀት ማይነስ 59፣ ጣራ ላይ ማይነስ 62። በሦስት ዴሲቤል ልዩነት ሒሳብና ብረት ተገናኙ። ከየካቲት 2 ጋር ሲነጻጸር 19 ዴሲቤል አገኘን፣ አንድ ቅጠል ሳንቆርጥ።

በ20 ሜጋኸርትዝ ስፋት 48 ሜጋቢት በሰከንድ ለካሁ። የደርሶ መልስ ጊዜው 2 ሚሊ ሰከንድ። ነፋስ ነፈሰ፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

ስልኩን ሰካሁት። የእማዬ ስልክ ላይ አንዱን ቁልፍ ቀይ ቀለም ቀብቻለሁ። ጫነችው። እኔ ቤት ጠራ።

“ሃሎ? ልጄ?” ድምፅዋ ከጎኔ እንዳለች ጥርት ያለ ነው። ከኋላዋ የሐጂ ዶሮ ይጮኻል። ለተወሰነ ጊዜ ምንም መናገር አልቻልኩም።

“ምነው ዝም አልክ? አይሠራም እንዴ?”

“ይሠራል እማዬ። ይሠራል።”

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

መብራት። ለአደጋ ጊዜ ያሰብከው መስመር መብራት ሲጠፋ አብሮ ከጠፋ ምንም አልሠራህም። ለሁለቱም ቤት ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ገዛሁ፣ ለአንቴና 24 ቮልት፣ ለራውተርና ለስልክ 12 ቮልት የሚያወጣ። ሰክቼ ከግድግዳው ነቀልኩትና ሰዓት ያዝኩ። ራውተሩም ስልኩም አንቴናውም እየሠሩ 3 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጠፋ። ስልኩንና አንቴናውን ብቻ ስተው ከ4 ሰዓት በላይ ሄደ። ስለዚህ እማዬ ቤት የዋይፋይ ራውተሩን ከዩፒኤሱ አወጣሁት። መብራት ሲጠፋ ዋይፋይ ይጥፋ፣ ስልኩ ይቆይ።

ከዚሁ ጋር መብራት ሲመለስ የሚመጣውን ግፊት የሚመልስ መከላከያ በሁለቱም ቤት ሶኬት ላይ ጨመርኩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

የመጀመሪያው ዝናብ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ዘነበ፣ መስመሩ ሞተ።

መጀመሪያ ዝናቡ ሞገዱን በላው አልኩ። ግን አይደለም። በዚህ ሞገድ ላይ በ3.4 ኪሎ ሜትር ዝናብ የሚቀንሰው ጥቂት ብቻ ነው። የሞባይል ማማ ላይ ያሉ በጣም ከፍ ባለ ሞገድ የሚሠሩ ሳህኖች ናቸው ዝናብ የሚያስቸግራቸው። ጠዋት ዝናቡ ካቆመ በኋላም አልተመለሰም። ዝናብ ቢሆን ኖሮ ከዝናቡ ጋር ይሄድ ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ቱቦውን አስተኛነው። ማጠፊያው ዛሬ ዋጋውን ከፈለ፣ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

የገመዱን ጫፍ ስነቅል ውሃ ጠብ አለ። ስምንቱ የወርቅ ቀለም ያላቸው ጥርሶች ውስጥ ሁለቱ አረንጓዴ ሆነዋል። የሆነው እንዲህ ነው። ገመዱን ከላይ ቀጥ አድርጌ ነበር ወደ አንቴናው ያስገባሁት። ውሃ በገመዱ ላይ ተንሸራትቶ በቀጥታ ወደ ሶኬቱ ይገባል። መሆን ያለበት ገመዱ መጀመሪያ ከሶኬቱ በታች ወርዶ እንደ ጆሮ ጉትቻ ከታጠፈ በኋላ ከሥር ወደ ላይ መግባት ነው። ያኔ ውሃው ከእጥፋቱ ሥር ይንጠባጠባል።

ጫፉን ቆርጬ አዲስ አሠራሁ። ጉትቻውን ሠራሁ። በላዩ በሚሳሳብ የጎማ ናስትሮ ከሥር ወደ ላይ ጠመጠምኩ፣ እንደ ጣራ ክዳን ላዩ ታቹን እንዲደርብ። ያንኑ ቀን የሳቢያኑንም እንዲሁ አደረግኩት። ተነሳ። ማይነስ 62።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ20። ሳቢያን ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ኮከብ ይታያል። ስልኩ ጠራ።

“ልጄ፣ ወንዙ እየመጣ ነው” አለች። “ድምፁ ይሰማሃል?” ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ሰማሁት። ድንጋይ የሚያንከባልል ውሃ ድምፅ ነው። ሳያቋርጥ እንደሚያጉረመርም መኪና ዓይነት።

“ውሃው የት ደርሷል?”

“ታች ነው፣ ከግንቡ ውስጥ ነው። እኛ ጋ ምን ሊመጣ። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው የደወልኩት።”

ሞባይሌን ሞከርኩ፣ መስመሩ ተይዟል አለኝ። በቀዩ ቁልፍ መስመር ግን እስከ 7 ሰዓት ከሩብ ቆየን። ብዙውን ጊዜ አላወራንም። እሷ መቁጠሪያዋን ይዛለች፣ እኔ ወንዙን እሰማለሁ። ሲያንስ ነገረችኝ። “አሁን ተኛ” አለች።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ሐጂ ግቢ ሻይ ጠጣሁ። ኒሙ አበባ አውጥቷል፣ ግቢው በሙሉ ይሸታል። በዱላና በጥላ እንደገና ለካሁት። 7 ሜትር ከ15። መስመሩ ከላዩ 1 ሜትር ከ85 ርቆ ያልፋል። ቱቦው ላይ ያለው ሁለተኛው የብሎን ቀዳዳ ላዩን ቱቦ 50 ሴንቲ ሜትር ለመጨመር የሚያስችል ነው፣ በያጁ ያኔ አስቦ የበሳው። ቀጣዩን ልኬት መስከረም ላይ፣ ከክረምቱ በኋላ።

ሲግናል ማይነስ 62።